የጻፉትን መልሶ መጻፍ፦ ከረቂቅ እስከ መጨረሻው እርማት

ይህ መመሪያ አስተያየት፣ ወግ፣ የትዝታ ጽሑፍ ወይም ለማኅበር የሚቀርብ ዘገባ በአማርኛ ለሚጽፉና የዘንድሮው ጽሑፋቸው ከአምናው እንዲሻል ለሚፈልጉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ብዙ ሰው እርማት ሲባል የፊደል ግድፈት መልቀም ብቻ ይመስለዋል፤ በዚህም ምክንያት ረቂቁን እንደጨረሰ ከመጀመሪያው መስመር ተነሥቶ ‹ሰ›ን በ‹ሠ› ሲተካ፣ ነጠላ ሰረዝ ሲጨምርና ሲቀንስ ያመሽና፣ በማግሥቱ ያ አንቀጽ ከነጭራሹ እንደማያስፈልግ ሲገባው የምሽቱ ድካም ከንቱ ይሆንበታል። በየዳር ሰፈሩ ባዶውን የተረከበውን ኮንዶሚኒየም ያስጨረሰ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ግድግዳው ሳይለሰን ቀለም አይቀባም። የእርማትም ተራ እንዲሁ ነው፦ በመጀመሪያ ሐሳቡ፣ ቀጥሎ የአንቀጾቹ አቀማመጥ፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ፣ በመጨረሻ ፊደሉ።

ሥራውን በዓይን ለማሳየት አንድ አጭር ምሳሌ አዘጋጅቻለሁ። ምሳሌው ከአዲስ አበባ ዳር፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚነሣበት ከቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሚኖር ሰው ስለ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ የጻፈው አስተያየት ነው እንበል። ጉዳዩ በኮዬ ፈጬ፣ በጀሞ ወይም በየካ አባዶ ለሚኖር አንባቢም እንግዳ አይሆንበትም። ለሥራው የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው፦ መስመሮቹ ራቅ ራቅ ብለው የታተመ ረቂቅ፣ ከኅትመቱ ቀለም የተለየ እስክሪብቶና አንድ ደብተር።

1. ረቂቁን ያሳድሩ

ረቂቁን በጨረሱበት ዕለት አያርሙት። በዚያ ቀን ጸሐፊው የሚያነበው ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ሳይሆን ሊል የፈለገውን ነው፤ የዘለለውን ቃል አእምሮው ይሞላለታል፣ የተምታታውን ዓረፍተ ነገር አእምሮው ያቃናለታል። ለአጭር ጽሑፍ አንድ ሌሊት፣ ለረጅም ጽሑፍ አንድ ሳምንት ያህል ማሳደር ይበቃል። ጊዜ ከሌለ የጽሑፉን መልክ መለወጥ የማሳደርን ግማሽ ያህል ይሠራል፦ በኮምፒዩተር የጻፉትን በወረቀት ያሳትሙት፣ ወይም በስልክ ስክሪን ላይ በሌላ የፊደል መጠን ያንብቡት። እኔ ወረቀቱን እመርጣለሁ፤ መብራት በጠፋበት ምሽት በሻማም ይነበባልና።

ወደ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ሲሄዱ ጽሑፉን ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው ይውሰዱ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር በተዘጋጁ የፊደል ዓይነቶች የተጻፈ ፋይል፣ ያ ፊደል ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድብልቅ ሆኖ ይወጣል።

2. ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ረቂቁን እንደገና ከማንበብዎ በፊት ደብተርዎን ከፍተው «ይህ ጽሑፍ ለእገሌ እንዲህ ይላል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «የትራንስፖርት ችግር» ተብሎ ከተጻፈ ርእስ ነው እንጂ ገና የተባለ ነገር የለም። «ከቱሉ ዲምቱ ጠዋት የሚሰለፍ ሰው የሚንገላታው በታክሲ እጥረት ብቻ ሳይሆን ሰልፉን የሚያስከብር በመጥፋቱም ነው» የሚለው ግን የሚያከራክር፣ የሚደገፍ ወይም የሚነቀፍ ሐሳብ ነው።

«ለእገሌ» የሚለውም ባዶ ቦታ መሞላት አለበት። ጽሑፉ ለዚያው ሰፈር ነዋሪዎች ኮሚቴ የሚቀርብ ከሆነ ሰልፍ መኖሩን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ኮሚቴውም ሲሰለፍ ነው የሚያረፍደው። ቱሉ ዲምቱን አይቶ ለማያውቅ አንባቢ ከሆነ ግን ሰልፉ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ካልተነገረው ቀሪው ሁሉ አይገባውም። ይህ ዓረፍተ ነገር አልጻፍ ካለዎት እርማቱን አይቀጥሉ፤ ረቂቁ ገና አላለቀም ማለት ነው።

3. የአንቀጾቹን ተራ ይፈትሹ

አሁን ረቂቁን ያንብቡና በእያንዳንዱ አንቀጽ ኅዳግ ላይ አንቀጹ የሚሠራውን ሥራ በሦስት ወይም በአራት ቃል ይጻፉ፦ «ሰልፉን ያሳያል»፣ «ምክንያቱን ይናገራል»፣ «ጥያቄ ያቀርባል»። ሁለት አንቀጾች ተመሳሳይ ማስታወሻ ከያዙ አንዱ ይሰረዛል ወይም ይዋሐዳሉ። ኅዳጉ ላይ የሚጻፍለት የጠፋ አንቀጽ ከተገኘ፣ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ከትምህርት ቤት ድርሰት የወረስነው መግቢያ እዚህ ላይ ይጋለጣል። «ሰው ማኅበራዊ ፍጡር እንደመሆኑ መጠን»፣ «ትራንስፖርት ለአንድ አገር ዕድገት ያለው ሚና የማይተካ ነው»፣ «ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ ከቦታ ወደ ቦታ ሲንቀሳቀስ ኖሯል» የሚሉ አጀማመሮች ስሕተት የለባቸውም፤ ነገር ግን በየትኛውም ጽሑፍ ራስ ላይ ቢቀመጡ ስለሚስማሙ ለዚህኛው ጽሑፍ የሚያዋጡት ነገር የለም። የመጀመሪያውን አንቀጽ በእጅዎ ሸፍነው ከሁለተኛው ይጀምሩ። ያልገባ ነገር ከሌለ የተሸፈነው ይውጣ።

አንቀጾቹ ከስድስት በላይ ከሆኑ ወረቀቱን በመቀስ ቆርጦ ወለል ላይ እየደረደሩ ማየት ከማንኛውም የኮምፒዩተር ዘዴ ይልቅ ያፈጥናል። ልጆች በሌሉበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል።

4. በጅምላ የተነገረውን በዝርዝር ይተኩ

አብዛኛውን ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ክፍል ይህ ነው። የምሳሌያችን ጸሐፊ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

«በከተማችን ዳርቻ በሚኖሩ ነዋሪዎች ዘንድ የሚታየው የትራንስፖርት ችግር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተባባሰ የመጣ ሲሆን፣ ይህም በሠራተኞችና በተማሪዎች ላይ ከፍተኛ የሆነ ጫና እያሳደረ ይገኛል። በመሆኑም የሚመለከታቸው አካላቶች ለጉዳዩ አስፈላጊውን ትኩረት በመስጠት አፋጣኝ የሆነ መፍትሔ እንዲሰጡበት ማድረግ ይገባል።»

ይህ በየስብሰባው የምንሰማው አማርኛ ስለሆነ ሲነበብ አይጎረብጥም፤ ጉዳቱም ያ ነው። ‹የትራንስፖርት› የሚለውን ‹የውኃ› በሚለው ቢተኩት ጽሑፉ ሳይናጋ ይቆማል፤ ‹የመብራት› ቢሉትም እንዲሁ። ለሦስት የተለያዩ ጉዳዮች እኩል የሚያገለግል አንቀጽ ስለ አንዳቸውም አልተናገረም። ስለዚህ እስክሪብቶውን ይያዙና ከእያንዳንዱ ጅምላ ቃል በላይ ጥያቄ ይጻፉ። «ዳርቻ»፦ የት? «ከጊዜ ወደ ጊዜ»፦ ከመቼ ወዲህ? «ጫና»፦ ማን፣ ምን ሆነ? «የሚመለከታቸው አካላት»፦ እነማን? ይህ የመጨረሻው ሐረግ በተለይ ይጠርጠር፤ ማንም ሰው አንብቦት እኔን ነው የሚል የለም።

ጸሐፊው ጥያቄዎቹን ለመመለስ ሲሞክር ሌላ ነገር ይገጥመዋል፦ መልሱን አያውቀውም። በየቀኑ የሚሰለፍበትን ሰልፍ ርዝመት አስተውሎ አያውቅም፤ ከሰልፉ ውጭ የሚገቡት ከየት እንደሚመጡ አላየም። ለእኔ የእርማት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ሰውን ከወረቀቱ አንሥቶ ወደ መንገዱ ይመልሰዋል። በማግሥቱ ጠዋት ሰዓቱን እያየ፣ የሰልፉን ጫፍ ምልክት እያደረገ፣ ታክሲ ሲመጣ በመጀመሪያ በሩን የያዘው ማን እንደሆነ እየተመለከተ ይቆማል። ከሁለት ወይም ከሦስት ጠዋት በኋላ የሚጽፈው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ወደ መገናኛ ለመሄድ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ የተሰለፈ ሰው ታክሲ ውስጥ የሚገባው 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሰልፉ ከአደባባዩ ተነሥቶ እስከ ዳቦ ቤቱ ይደርሳል። ታክሲ ሲመጣ ግን የሚገቡት ከፊት የቆሙት አይደሉም፤ ከመንገዱ ማዶ ሆነው የሚጠብቁት ተሻግረው በሩን ይይዛሉ። ነፍሰ ጡሯና አዛውንቱ ከሰልፉ አይወጡም፤ ቢወጡም ለመሮጥ አይችሉም። ጠዋት ለሁለት ሰዓት የሚቆም አንድ ተራ አስከባሪ ቢመደብልን፣ የታክሲው ቁጥር ባይጨምር እንኳ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይሄዳል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ‹ችግር›፣ ‹ጫና›፣ ‹ትኩረት› እና ‹መፍትሔ› የሚሉት ቃላት የሉም፤ ነገሩ ግን ሁሉም አለ። የተጠየቀውም ነገር አንድ ሰው «እሺ» ወይም «አይሆንም» ሊልበት የሚችል ሆኗል። ዳቦ ቤቱ የገባው የሰልፉን ርዝመት ስለሚለካ ነው፤ የዳቦ ቤቱ በር ቀለም ቢጨመር ግን ጌጥ ይሆን ነበር። ዝርዝር ሁሉ ይግባ ማለት አይደለም፤ ሐሳቡን የሚሸከመው ይቀራል፣ ሌላው ይወጣል። ይህን ለመለየት በ2ኛው ተራ የጻፉትን ዓረፍተ ነገር አጠገብዎ ያስቀምጡት።

5. ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ

ወደ ዓረፍተ ነገር የሚወረደው አሁን ነው፤ መሣሪያውም ጆሮ ነው። በለሆሳስ ሳይሆን ሰው እንደሚሰማዎት አድርገው ያንብቡ፤ ትንፋሽ ያጠረዎትን፣ ምላስዎ የተደናቀፈበትንና ወደ ኋላ ተመልሰው ያነበቡትን ቦታ ሁሉ ሳይቆሙ በእስክሪብቶ ምልክት ብቻ ያድርጉበት። እርማቱ ንባቡ ካለቀ በኋላ ይሠራል።

በአማርኛ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ እስኪነገረው ድረስ ከፊት የተባለውን ሁሉ ይዞ ይጠብቃል። ይህ ማለት ረጅም ዓረፍተ ነገር አይጻፍ ማለት አይደለም፤ ክፍሎቹ ተራቸውን ጠብቀው አንዱ ሌላውን እየሳበ የሚሄድ ከሆነ ረጅሙም በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። የሚያስቸግረው በመካከል ባለቤቱ ሲለዋወጥ ነው። የምሳሌያችን ጸሐፊ በአንድ ቦታ እንዲህ ጽፏል እንበል፦ «ረዳቱ በሩን ከፍቶ ሁለት ሰው ብቻ ብሎ ተጋፍተው ገብተው ዘግቶ ሄደ።» የከፈተው ረዳቱ ነው፤ የተጋፉት እነማን ናቸው? የሄደውስ ረዳቱ ነው ወይስ ታክሲው? ጸሐፊው ቦታው ላይ ስለነበር አልተምታታበትም። አንባቢው ግን እንዲህ ቢጻፍለት ይሻለዋል፦ «ረዳቱ በሩን ከፍቶ ‹ሁለት ሰው ብቻ› አለ። ከሰልፉ ያልነበሩ ሁለት ወጣቶች ተጋፍተው ገቡ። በሩ ተዘጋና ታክሲው ሄደ።» ደንቡ ቀላል ነው፤ ባለቤቱ በተለወጠበት ቦታ ወይ አዲሱን ባለቤት በስሙ ይጥሩት፣ ወይ አራት ነጥብ ያስቀምጡ።

ቀጥሎ የሚፈተሸው ስም ሆነው የደረቁ ግሦች ናቸው። «ውይይት አደረጉ» ‹ተወያዩ› ነው፤ «ግምገማ አካሄዱ» ‹ገመገሙ› ነው፤ «ጫና እያሳደረ ይገኛል» ‹ይጫናል› ሊባል ይችላል፤ «ከፍተኛ የሆነ» ከሚባል ‹ከፍተኛ› ይበቃል። ‹ሲሆን› የሚለው ማያያዣ ሁለት የማይዛመዱ ሐሳቦችን በግድ ለማጋባት የገባባቸውን ቦታዎች ይክበቡና በአራት ነጥብ መለያየት ይቻል እንደሆነ ይሞክሩ፤ ሁሉም ግን አይውጣ፣ ተገቢ ቦታ አለው። ‹አካላቶች›፣ ‹ሕፃናቶች›፣ ‹መምህራኖች›፣ ‹ቃላቶች› የሚሉት ብዙ ቁጥር በብዙ ቁጥር ላይ የተደረበባቸው ናቸው፤ በንግግር ቢለመዱም በጽሑፍ ‹አካላት›፣ ‹ሕፃናት›፣ ‹መምህራን›፣ ‹ቃላት› ይበቃሉ።

በአክብሮት አጠራር ላይም ጆሮ ይፍረድ። «ከፊቴ የቆሙት አዛውንት ‹ልጄ፣ ዛሬም አልደርስም› አለኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጮክ ተብሎ ሲነበብ ‹የቆሙት› እና ‹አለኝ› እንደማይስማሙ ወዲያው ይሰማል። በረጅም ጽሑፍ ውስጥ አንድን ሰው በመጀመሪያው ገጽ ‹እሳቸው›፣ በሦስተኛው ‹እሱ› ማለት ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው። ሰውየው በልጅነቱ ዘመን እየተተረከ ከሆነ ‹እሱ› ቢባል፣ ካደገ በኋላም ‹እሳቸው› ቢባል ችግር የለውም፤ ሽግግሩ ግን የታሰበበት ይሁን።

ፊደላችን የማያሳየው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ መጥበቅና መላላት። «ተራ አስከባሪው ታክሲ አለ» የሚለው፣ ‹ለ› ከላላ ሰውየው «ታክሲ!» ብሎ ተናገረ ማለት ነው፤ ከጠበቀ ታክሲ መኖሩን ወይም የራሱ ታክሲ እንዳለው የሚናገር ይመስላል። ጸሐፊው የትኛውን እንደፈለገ ስለሚያውቅ በራሱ ንባብ አይደናቀፍም። ይህን ዓይነቱን ጉድለት የሚያገኘው ሌላ ሰው ነው።

6. ለሌላ ሰው ያስነብቡ

በቅኔ ትምህርት ቤት ተማሪው ባለ ሁለት ቤት (ስንኝ) ከሆነው ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ለብቻው ሆኖ የቆጠረውን (ያዘጋጀውን) ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርብና በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም ምሥጢሩ የጎደለውን፣ ዜማው ከልክ የወጣውን፣ ሰዋስው የተጣሰበትን እየለዩ ያርሙለታል። ተማሪው ከዚያ ወደ ባለ ብዙ ቤቶቹ፣ እስከ መወድስ ድረስ ይወጣል። ባለሙያነት ከእርማት ጋር አብሮ ማደጉን የሚያሳይ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ለእኛ ያለ አይመስለኝም፤ ልብ ይበሉ፣ እርማቱ የሚሰጠው በጆሮ ተሰምቶ ነው።

ስለዚህ ረቂቁን ለአንድ ሰው ሰጥተው እሱ ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎት፣ እርስዎም እንዲያዳምጡ አድርጉ፤ አንባቢው የተሰናከለበትን ቦታ በእጅዎ ባለው ሌላ ቅጂ ላይ ምልክት ያድርጉ። ሊያስደስትዎት የሚፈልግ ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከንባቡ በኋላ «እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ «ጥሩ ነው» ይሆናልና። ይልቅ የት እንደሰለቸው፣ የት ተመልሶ እንዳነበበ ይጠይቁት፤ በመጨረሻም ጽሑፉ ምን እንዳለ በራሱ ቃል ይንገርዎት። የነገረዎትን በ2ኛው ተራ ከጻፉት ዓረፍተ ነገር ጋር ያስተያዩ። ካልተገናኙ ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም።

የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ የሚሮጠው ማን እንደሆነ ጠፋብኝ» ቢልዎት፣ «ከላይ ተጽፏል እኮ» ብለው አይመልሱለት። ያነበበውን ሰው ሁሉ አጠገቡ ቆመው ሊያስረዱ አይችሉም። ሁለት አንባቢዎች በአንድ ቦታ ላይ ከተሰናከሉ ቦታው በእርግጥ ጉድለት አለበት፤ ሁለቱ የሚያቀርቡት መድኃኒት ግን ሁለቱም ላይሠራ ይችላል፤ መድኃኒቱን መፈለግ የጸሐፊው ፈንታ ነው።

7. ፊደል፣ ሥርዓተ ነጥብ፣ ቀንና ሰዓት

የፊደል እርማት እዚህ ሲደርስ አጭር ሥራ ይሆናል፤ የሚሰረዘው አስቀድሞ ተሰርዟልና።

በሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ በሰ፣ ሠ፤ በአ፣ ዐ፤ በጸ፣ ፀ አጠቃቀም ላይ ሰው ሁሉ አይስማማም፤ የግእዙን ሥር የሚከተል አለ፣ አንዱን ፊደል ብቻ የሚጠቀምም አለ። የትኛውንም ቢመርጡ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ዓይነት ይሁን። ጥንቃቄ የሚያሻው የኮምፒዩተሩ ፍለጋ ላይ ነው፦ ‹ሥራ› ብለው ሲፈልጉ ‹ስራ› ተብሎ የተጻፈውን አያገኝልዎትም። ስለዚህ ደጋግመው የሚጠቀሙባቸውን ቃላት በሁለቱም አጻጻፍ እየፈለጉ ወደ አንዱ ያምጧቸው። ከአራት ነጥብ (።) ይልቅ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ (፡፡) ወይም የላቲኑን ምልክት (::) መትቶ ማለፍም የተለመደ ነው፤ ሲታይ ይመሳሰላል፣ ነገር ግን መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ አንዱ ነጥብ ወደሚቀጥለው መስመር ሊወርድ ይችላል። በ‹ፈልግና ተካ› በአንድ ጊዜ ይስተካከላል። የሰዎችና የቦታ ስሞች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ አጻጻፍ መጻፋቸውንም በዚያው ያረጋግጡ።

ቀን ሲጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን ሳይገልጹ አይለፉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ግድም 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው፤ የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ስለሆነ እ.ኤ.አ. 1896 ላይ ይውላል። ከስልክ የተገለበጠ ሰዓት ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው፤ በአንዱ አንቀጽ «ጠዋት 1 ሰዓት» ተብሎ በሌላው «7፡00» ከተጻፈ፣ አንባቢው ሰልፉ ስድስት ሰዓት የቆየ ሊመስለው ይችላል።

8. የስሕተት ደብተር ይያዙ

እስካሁን የተባለው አንድን ጽሑፍ ያሻሽላል፤ ጸሐፊውን የሚያሻሽለው ይህ ነው። እርማቱ እንዳለቀ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ረቂቅ ጎን ለጎን ያስቀምጡና፣ ትልልቆቹን ለውጦች በደብተሩ ይመዝግቡ፦ የነበረው ዓረፍተ ነገር፣ የታረመው፣ የጉድለቱ ስም። ስሙን ራስዎ ያውጡለት፤ «ባለቤት መለዋወጥ»፣ «ባዶ መግቢያ»፣ «የስብሰባ ቋንቋ» ቢሉት ይበቃል። ይህ እንዲሆን አስቀድሞ የመጀመሪያው ረቂቅ መቀመጥ አለበት፤ በላዩ ላይ እየጻፉ ከማጥፋት «ሰልፍ ረቂቅ 1»፣ «ሰልፍ ረቂቅ 2» እያሉ በየፋይሉ ማስቀመጥ ይሻላል።

ከአራት ወይም ከአምስት ጽሑፍ በኋላ ደብተሩን ሲያገላብጡ የተለያዩ የመሰሉት ጉድለቶች ጥቂት ሆነው፣ እየተመላለሱ የሚመጡ መሆናቸውን ያያሉ። አንዱ ሰው ሁልጊዜ ዘግይቶ ይጀምራል፤ ሌላው ባለቤቱን ይጥላል፤ ሌላው ደግሞ ሐሳቡን በጨረሰበት ቦታ ሳይቆም ምክር ይጨምራል። የራስዎን ከለዩ በኋላ በሚቀጥለው ረቂቅ ላይ የመጀመሪያው ፍተሻ በእነዚያ ላይ ይሁን። ከጊዜ በኋላ አንዳንዶቹን እጅዎ ራሱ ይተዋቸዋል፤ እነዚያን ከዝርዝሩ ይሰርዙ። አልለቅ የሚሉ ይኖራሉ፤ ለእነሱ እርማት አለ።

መቼ ይቆማል ለሚለው ጥያቄ የምከተለው መለኪያ አለኝ። በአንዱ ንባብ ያወጡትን ቃል በሚቀጥለው ንባብ መልሰው ካስገቡት፣ ወይም ለውጥዎ ሁሉ ‹ነገር ግን›ን በ‹ሆኖም› ከመተካት ካላለፈ፣ ጽሑፉን ለተጻፈለት ሰው ይላኩት። ኮሚቴው ስብሰባ የሚቀመጥበት ቀን ከተቃረበ ደግሞ ከ7ኛው ተራ ይልቅ 4ኛው እንዳይዘለል ይጠንቀቁ፤ የታክሲው ሰልፍ በተሳሳተ ‹ሰ› ቢጻፍም ይገባቸዋል፣ ተራ አስከባሪ እንደሚያስፈልግ ካልተነገራቸው ግን የሚወስኑት ነገር አይኖርም።